የግሪክ አፈ ታሪክ ኮርስ ለያዛችሁ ልጆች

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ደወለችልኝ። ኮሌጅ ከገባች ገና የመጀመሪያ ዓመቷ ነው። "አክስቴ፣ የግሪክ አፈ ታሪክ የሚባል ኮርስ ያዝኩ። ክሬዲት ለማሟላት ነው እንጂ ለነርሲንግ ምን ይሠራልኛል?" አለችኝ። በስልክ ትንሽ ነገር ነገርኳት፤ ግን ልቤ አልረካም። እንደ እሷ ያላችሁ ብዙ ናችሁ፣ በተለይ እዚህ አሜሪካ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ እየተማራችሁ ማታ ሥራ የምትገቡ። ስለዚህ ለሁላችሁም ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

እኔም ይህንኑ ኮርስ በ1990ዎቹ ወስጄዋለሁ። ሌሊት አረጋውያን መንከባከቢያ እሠራለሁ፣ ጠዋት በአውቶቡስ ወደ ክፍል እሄዳለሁ። ያደግኩት በሽምደዳ ነው፤ ስለዚህ ሸመደድኩ። ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን ማንን እንዳገባ፣ የግሪኩ ስም በሮማውያን ዘንድ ምን እንደሚባል፣ ሁሉንም በትንንሽ ካርድ ጽፌ በኪሴ ይዤ ዞርኩ። ሚድተርም ሲመጣ ወረቀቱ ላይ አንድም የዘር ሐረግ የለም። ሆሜር የሚባል የጥንት ግሪክ ገጣሚ ስለ ትሮይ ጦርነት ከተናገረው ግጥም፣ ከኢሊያድ፣ የተወሰደ አንድ ገጽ ያህል ንባብ አለ። ከሥሩ ጥያቄው፦ ይህ ሰው ለማን ነው የሚናገረው? ምን እንዲያደርግለት ፈልጎ ነው? ለምንስ በዚህ መንገድ ተናገረ? እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ያነበብኩት ማጠቃለያውን ነበር። ኢሊያድን ገልጬም አላየሁትም።

ዋናው ምክሬ ከዚያ ቀን የመጣ ነው። ራሱን ግጥሙን አንብቡት። ዩቲዩቡም፣ ቻትቦቱም፣ ጓደኛችሁ የላከችላችሁ ኖትም ስለ ግጥሙ ይነግሯችኋል እንጂ ግጥሙን አይሰጧችሁም። አንዳንዴማ ስለ ግጥሙም በትክክል አይነግሯችሁም። ኢሊያድ ውስጥ ግሪኮች ተደብቀው ትሮይ የገቡበት የእንጨቱ ፈረስ አለ ብሎ ያላለ ማን አለ? ፈረሱ ግን እዚያ የለም። ግጥሙ የሚያልቀው በትሮይ ልዑል በሄክቶር ቀብር ነው፤ ከተማዋ ትሮይ አልወደቀችም፣ የግሪኮቹ ጀግና አኪሌስም ገና በሕይወት አለ። የአኪሌስ ደካማ ቦታ ተረከዙ ነው የሚለውም ሆሜር ጋ የለም። እናቱ ተረከዙን ይዛ ወንዝ ውስጥ ነከረችው የሚለው የሚገኘው ስታቲየስ ከሚባል ሮማዊ ገጣሚ ነው፣ ከሆሜር ከስምንት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ።

"ታዲያ ትክክለኛው የትኛው ነው?" ትላላችሁ። እኔም ብዙ ጊዜ ጠይቄ ነበር። ተረት ያወራላችሁ አያት ካለች ግን መልሱን ታውቁታላችሁ። የእናቴ እናት የምትነግረን ተረትና ጎረቤታችን የምትነግረን አንድ ሆኖ አያውቅም ነበር፤ የቱ ልክ ነው ብለን የተጣላንበት ቀን ግን የለም። ማን እንደምትናገር፣ ለማን እንደምትናገር እናውቅ ነበር። የግሪኩም እንዲሁ ነው። ሜዱሳን እዩ። ሄሲኦድ የሚባለው የጥንት ግሪክ ገጣሚ ጋ ጎርጎን የሚሏት አስፈሪ ፍጡር ሆና የተወለደች ናት። ከሰባት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ሮማዊው ገጣሚ ኦቪድ ሲጽፍ ግን ፀጉሯ የሚያስደንቅ ቆንጆ ልጅ ነበረች፤ የባሕሩ አምላክ በቤተ መቅደስ ውስጥ ደፈራት፣ ቅጣቱ ግን በእሷ ላይ ወረደ፤ ፀጉሯ እባብ ሆነ። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ጥያቄው ይመጣል። ኦቪድ ለምን ለወጠው? የተበደለችው ለምን ትቀጣለች? ወረቀት የሚጻፈው እዚህ ላይ ነው። ጥሩ ውጤትም የሚገኘው እዚሁ ነው።

አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ሌላ ጭንቀት አለባችሁ፤ አውቀዋለሁ፣ እኔም ነበረብኝ። ጣዖት ነው፣ ማንበቡ ኃጢአት አይሆንም ወይ የሚል። መጀመሪያ ነገር፣ እነዚህን ስሞች ከዚህ በፊት አይታችኋቸዋል። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 14ን ግለጡ። ልስጥራ ላይ ሕዝቡ በርናባስን ድያ፣ ጳውሎስን ሄርሜን ብለው ሊሠዉላቸው ይነሣሉ። ድያ ማለት ይኸው የግሪኮቹ የአማልክት አለቃ ዜኡስ ነው። የኤፌሶኗ አርጤምስም እዚያው መጽሐፍ ውስጥ አለች። ሁለተኛ፣ ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ ራሱ አቴና ሄዶ የተማረ ሰው ነው፤ በአራተኛው ክፍለ ዘመን ለወጣቶች በጻፈው ምክር የግሪኮችን መጻሕፍት እንደ ንብ አንብቡ ይላቸዋል። ንብ ሁሉም አበባ ላይ አታርፍም፣ ካረፈችበትም የሚጠቅማትን ወስዳ ሌላውን ትተዋለች። ይህን ሳነብ ከትከሻዬ ላይ አንድ ነገር ወረደልኝ።

ስለ ኢትዮጵያም ልበል፣ ምክንያቱም እዚያ ስም ላይ ስትደርሱ ልባችሁ መዝለሉ አይቀርም። ኢሊያድ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ዜኡስ ትላንት ወደ ኢትዮጵያውያን ለግብዣ ሄዷል፣ አማልክቱም ሁሉ ተከትለውታል፣ የሚመለሰው በ12ኛው ቀን ነው ይላል። "ነቀፋ የሌለባቸው" ይላቸዋል ሆሜር። የሆሜር ሌላው ግጥም ኦዲሲም ሲጀምር የባሕሩ አምላክ ፖሲዶን እነሱ ጋ ነው። ሜምኖን የሚባል የኢትዮጵያውያን ንጉሥም አለ፤ ትሮይን ለመርዳት መጥቶ በአኪሌስ እጅ ይሞታል፤ የእሱን ታሪክ የሚናገረው ሌላ ግጥም ግን ጠፍቶ ከጥቂት ቁራጭ መስመሮች ሌላ አጭር ማጠቃለያው ነው የተረፈው። ደስ ይበላችሁ፣ ግን ቸኩላችሁ "ይሄ የእኛ ንጉሥ ነው" ብላችሁ አትጻፉ። ግሪኮች በዚያ ስም የሚጠሩት ፊታቸው ጠቆር ያለ፣ በዓለም ዳር የሚኖሩ ሕዝቦችን ነው፤ ኋላ ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን አገር። ኦዲሲ ራሱ ግማሾቹ ፀሐይ መግቢያ፣ ግማሾቹ ፀሐይ መውጫ ናቸው ይላል። ይልቅ ይህን ጠይቁ፦ አማልክቱ ለግብዣ ሲሄዱ ለምን ወደ እነዚያ ሰዎች ሄዱ? ሰው የሚጋብዝ እጅ ምን እንደሆነ ከእናንተ በላይ ማን ያውቃል?

አሁን የእህቴን ልጅ ጥያቄ ልመልስ። ለነርሲንግ ምን ይሠራል?

ሆስፒታል ውስጥ የድንገተኛ መድኃኒት የሚቀመጥበት ጋሪ አለ። መሳቢያው ውስጥ አትሮፒን የሚባል መድኃኒት ታገኛላችሁ። ልብ በጣም ሲዘገይ የሚሰጥ ነው። ስሙ የመጣው አትሮፓ ከሚባል መርዛም ተክል ነው፣ የተክሉ ስም ደግሞ ከአትሮፖስ። ግሪኮች የሰው ዕድሜ በሦስት ሴቶች እጅ ነው ይሉ ነበር። ክሎቶ ትፈትላለች፣ ላኬሲስ ትለካለች፣ አትሮፖስ ትቆርጣለች። ክፍል ውስጥ አስተማሪው እንዝርት ምን እንደሆነ በሥዕል ሲያስረዳ እኔ የእናቴን ጣቶች ነበር የማየው፣ ጥጡ ከባዘቶው እየተሳበ ሲቀጥን። ዓመታት አልፈው በሥራ ላይ ያንን መድኃኒት በእጄ ስይዝ እጄ ላይ ያለው የማን ስም እንደሆነ አውቅ ነበር። ክሩን የምትቆርጠዋ ስም፣ ክሩ እንዳይቆረጥ በምንሰጠው መድኃኒት ላይ። ለፈተና አይመጣም። ሌሊቱን ግን ያግዛል።

ግን ከዚህም የሚበልጥ አለ። ከዚያ ከተበላሸ ሚድተርም በኋላ ኢሊያድን ከላይብረሪ ተውሼ በሥራ ቦታ በእረፍት ሰዓት አነበብኩት። እንግሊዝኛዬ ገና ስለነበር ቀስ ብዬ ነበር። እናንተ ዕድለኞች ናችሁ፤ ኤሚሊ ዊልሰን ኦዲሲን በ2017፣ ኢሊያድን በ2023 በቀላል እንግሊዝኛ ተርጉማዋለች። ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ ሲዘመር የኖረ ነገር ነውና። ጊዜ ከሌላችሁ ደግሞ ቢያንስ 24ኛውን ምዕራፍ፣ የመጨረሻውን፣ ሙሉውን አንብቡ።

ፕሪያም የትሮይ ሽማግሌ ንጉሥ ነው። አኪሌስ ልጁን ሄክቶርን ገድሎ ሬሳውን በሠረገላ ይጎትታል። ሽማግሌው በሌሊት ካሳ ጭኖ ወደ ጠላቱ ሰፈር ይሄዳል፣ ገብቶ ጉልበቱን ይይዛል፣ ልጆቹን የገደሉትን እጆች ይስማል። አባትህን አስብ፣ እሱም እንደኔ ሸምግሏል ይለዋል። ሁለቱም ያለቅሳሉ፤ አንዱ ለልጁ፣ ሌላው ለአባቱና በጦርነቱ ለሞተበት ጓደኛው። ከዚያ አኪሌስ ሬሳው እንዲታጠብ፣ ዘይት እንዲቀባ ያዛል፣ ግን አባትየው በማያይበት ቦታ። ሽማግሌው የልጁን ሬሳ ሲያይ በቁጣ እንዳይነሣና እኔም ተቆጥቼ እንዳልገድለው ብሎ ነው። እኛም የሞተ ሰው ስናጥብ መጋረጃ እንስባለን። ምክንያታችን ሌላ ነው፤ ቢሆንም ያንን መስመር ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ።

ቀጥሎ ምን እንደሚለው ታውቃላችሁ? እህል ቅመስ ይለዋል። በቃ፣ ለቅሶ ቤት እንደምንለው። 12 ልጆቿን በአንድ ጊዜ ያጣችው ኒዮቤ እንኳ እንባዋ ሲያደክማት እህል ቀምሳለች ይለዋል። ነጭ በግ ይታረዳል፣ እንጀራቸው ይቀርባል። ፕሪያም ልጁ ከሞተ ጀምሮ እህል በአፉ አልዞረም፣ ዓይኑም አልተከደነም። ይበላል። ከዚያ አሁን አስተኛኝ ይለዋል።

ነርስ በሆንኩባቸው ዓመታት ልጇን አጥታ ኮሪደር ላይ የተቀመጠች እናት ብዙ አይቻለሁ። ምን እንደሚባል አይታወቅም። ቃል ስፈልግ አልቆይም ነበር፤ ብስኩትና ጭማቂ ይዤ አጠገቧ እቀመጣለሁ፣ እስክትቀምስ።

ከመተኛታቸው በፊት አኪሌስ አንድ ነገር ይጠይቀዋል። ለቀብሩ ስንት ቀን ይበቃሃል? ሽማግሌው ይቆጥራል። ዘጠኝ ቀን እናለቅሳለን፣ በ10ኛው እንቀብራለን፣ ሕዝቡም እዝን ይበላል፣ በ11ኛው መቃብሩን እንሠራለን፣ በ12ኛው ግድ ከሆነ እንዋጋለን። አኪሌስ ይሁን ይለዋል፣ እንዳይፈራም የቀኝ እጁን አንጓ ይይዝለታል።