ሐኪም ያዘዘውን መብላት ጾም መሻር ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምጽፈው ከሐዋሳ ነው። የ19 ዓመት እህቴ ዐቢይ ጾም ካለፈ በኋላም አልበላም ብላ በጣም ከስታለች፤ የወር አበባዋም ከቀረ ቆይቷል። ሐኪም የአመጋገብ ሕመም ነው ብሎ ወተትና እንቁላል አዘዘላት። አሁን የሐዋርያት ጾም ስለገባ «አልሽርም» ትላለች። እናታችን ደግሞ «ጸሎተኛ ናት፣ ተያት» ትለኛለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልሽ። «ጸሎተኛ ናት፣ ተያት» የሚለውን ከብዙ ቤት ሰምቼዋለሁ፤ ልጆችን የሚጎዳ ቃል ነው። በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ እንደማይጾም እናትሽ ያውቃሉ። እህትሽ በእነዚያ ሳምንታትም ካልበላች የያዛት ጾም አይደለም፤ ጾም መፍቻ አለው። ይህ ሕመም ነው። ኃጢአት ብላችሁ አትቆጧት፣ ቅድስና ብላችሁም አታመስግኗት።

ፍትሐ ነገሥት ስለ ጾም በሚናገረው በ15ኛው አንቀጽ ሕመምተኛን ከጾም ግዴታ ያወጣል። የሐኪሙን ትእዛዝ ይዘሽ ወደ ንስሐ አባቷ ሂጂ፤ ከአንቺ ይልቅ እሳቸውን ትሰማለች። ጌታ የኢያኢሮስን ልጅ ካስነሣ በኋላ «የምትበላውንም ስጡአት» ብሏል (ማር. 5፥43)።

አሁን ስለ ማብላቱ። «ዶሮና ክትፎ አጥግበን እናድናታለን» የሚሉ ቤተሰቦች ያስፈሩኛል። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት በድንገት ብዙ ምግብ ሲገባለት በደም ውስጥ ያለው ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ወደ ሴሎች ይሳባል፤ በደም ውስጥ ይጎድላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የልብ ምት ሊዛባ፣ መተንፈስም ሊከብዳት ይችላል፤ የሞቱም አሉ። ለዚህ ነው ሐኪሙ ደሟን እየመረመረ፣ ቫይታሚን ቢ1 አስቀድሞ እየሰጠ፣ ምግቡን ቀስ በቀስ የሚጨምረው። በቀን 5 ወይም 6 ጊዜ ጥቂት በጥቂት ትብላ ካለ፣ እናንተ ከዚያ አታስበልጡ፣ አታሳንሱም። የወር አበባ መቅረቱንም ቀላል አታድርጉት፤ እየቆየ አጥንት ያሳሳል። ምግቡ ብቻውን አይበቃም፤ ከሥነ ልቡና ባለሙያ ጋር የምታደርገውንም ክትትል አታቋርጥ።

ፀበሉን በተመለከተ ትጠመቅ፤ በባዶ ሆድ ብዙ ጠጥታ እንድታስመልስ ግን አታድርጓት። ማስመለስ ፖታሲየሟን ያጥባል፣ የተጎዳው ልቧም አይችለውም። ፀበል ተብሎ ቀጠሮዋ አይቅር፤ ሐኪምንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው (ሲራክ 38)።

ሲነጋ ሐኪም ቤት እንሄዳለን የማይባልበት ጊዜ አለ፦ ራሷን ከሳተች፣ ደረቷን ካመማት፣ እግሯ በድንገት ካበጠ፣ ግራ ከተጋባች፣ ወይም ዐርፋ ተቀምጣ የልብ ምቷ በደቂቃ ከ40 በታች ከወረደ፣ በሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት። ለሐኪሙም ለስንት ቀን እንዳልበላች፣ የምታስመልስም ከሆነ፣ ሳትደብቂ ንገሪው።