ስኳሩን ብንቆልፍበት ዕጢው ይራባል ወይ?

ባለፈው ስለ ስኳርና ካንሰር ሁለት መስመር ጣል ባደርግ ጥያቄው ጎረፈ። ግማሹ ስለ አንጎል ዕጢ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ እዚሁ ጎንደር ባዮኬሚስትሪ የማስተምር ሰው ነኝ። የመድኃኒቱን ነገር ከሐኪማችሁ ጋር ጨርሱ፣ የሴሉን ነገር ግን እንጫወት።

«ታላቅ ወንድሜ የአንጎል ዕጢ አለበት ተባለ። እህታችን የስኳሩን ጣሳ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ሻይ መራራ፣ ብርቱካን የለ፣ ዳቦ የለ። ‹ዕጢው የሚበላው ስኳር ነው› ትላለች። እውነቷን ነው?» (ከማራኪ)

ያለችው ልክ ነው፤ ያደረገችው ግን አይጠቅምም። ኃይለኛ የአንጎል ዕጢዎች ግሉኮስ፣ ማለትም ደም ውስጥ የሚዞረውን ስኳር፣ ይወዳሉ። ችግሩ ጤነኛው አንጎልም ይወዳል። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ሆኖ ሳለ ከምናቃጥለው ኃይል 20 በመቶ ገደማ ይወስዳል። በቀን ወደ 120 ግራም ግሉኮስ ማለት ነው። ስለዚህ ሰውነት የደሙን ስኳር በዋዛ አያስነካም። ወንድምህ ሻዩን መራራ ቢጠጣም እንጀራው፣ ሽሮው፣ ድንቹ ሆዱ ውስጥ ግሉኮስ ይሆናል። ምንም ባይቀምስ ደግሞ ጉበት አለ። መጀመሪያ ያስቀመጠውን ያወጣል። እሱ ሲያልቅ ከጡንቻ የተፈታውን ፕሮቲን ወስዶ አዲስ ግሉኮስ ይሠራል። ዕጢው በልቶ ያድራል፤ የሚከሳው ወንድምህ ነው።

እህትህን አትቆጣት። ሳስታ ነው። ቁልፉን ብቻ ተቀበላት።

«ማርስ? ማር ከስኳር ይሻላል ይሉኛል።» (ከአዘዞ)

ለዕጢው ያው ነው። ማርም ውስጥ ያለው በአብዛኛው ግሉኮስና ፍሩክቶስ ነው።

«ክፍል ውስጥ ‹የዋርበርግ ክስተት› የሚባል ተምረን ነበር። አስተማሪያችን ግን ቶሎ አለፈው። ኦክስጅን እያለ የካንሰር ሴል ለምን ስኳር ያባክናል?» (የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ)

አስተማሪው እኔ እንዳልሆንኩ ተስፋ አደርጋለሁ።

ጠጅ ሲጣል አይተሻል? ማሩ በውኃ ይበጠበጣል፣ ጌሾው ይገባል፣ ጋኑ ይከደናል። ከጥቂት ቀን በኋላ ጆሮሽን ብታስጠጊ ሲፍለቀለቅ ትሰሚዋለሽ። እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል እየለወጠ ነው። አየር ስላጣ ነው እንላለን። የእርሾው ጉድ ግን ስኳሩ የተትረፈረፈ እንደሆነ አየር እያለም ማፍላቱን አይተውም። ጀርመናዊው ኦቶ ዋርበርግ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ዕጢ ላይ ያየው ይህን የሚመስል ነገር ነው። በስሱ የተቆረጠ የዕጢ ሥጋ ኦክስጅን እያገኘም ግሉኮሱን ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጣል።

ሲያሰሉት ኪሳራ ይመስላል። አንድ ግሉኮስ እስከ መጨረሻው ቢቃጠል 30 ገደማ ኤቲፒ፣ ማለትም ሴሉ የሚመነዝረው የኃይል ሳንቲም፣ ይሰጣል። እንዲህ ሲፈላ የሚገኘው 2 ነው። ዋርበርግ የሴሉ ማንደጃ፣ ማለትም ሚቶኮንድሪያው፣ ተበላሽቷል ብሎ ደመደመ። እዚህ ላይ ሳተ። በብዙ ዕጢዎች ውስጥ ሚቶኮንድሪያው ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1931 ያገኘው የኖቤል ሽልማትም ለዚህ ሳይሆን በመተንፈስ ኢንዛይም (የሴሉን ኬሚካላዊ ሥራ በሚያፋጥን ፕሮቲን) ላይ ለሠራው ሥራ ነው።

ታዲያ ለምን? ቤት የሚሠራ ሰው ያመጣውን እንጨት ሁሉ አያነድም። ግድግዳና ጣራ አለበት። የሚባዛ ሴልም እንደዚያው ነው፤ ስኳሩ ማገዶው ብቻ ሳይሆን እንጨቱም ነው። ካርቦኑን ለአዲስ ዲኤንኤና ለሴሉ ሽፋን ይፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ2025 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንን ሰው ላይ አሳዩ። የአንጎል ዕጢ ሊወጣላቸው ለቀዶ ሕክምና የተኙ ሰዎች ደም ሥር ውስጥ ምልክት ያለው፣ ካርቦኑ ከተለመደው ከበድ ያለ ግሉኮስ ገባ። ከዚያ ከዕጢውም፣ በቀዶ ሕክምናው ከወጣው የአንጎል ክፍልም ቁራጭ ተወስዶ ያ ካርቦን የት እንደደረሰ ተፈለገ። አንጎሉ አቃጥሎ ኃይል አግኝቶበታል፣ ነርቮች የሚነጋገሩባቸውን ኬሚካሎችም ሠርቶበታል። ዕጢው ያንኑ ስኳር ወደ ዲኤንኤ መሥሪያው አዙሮታል። እኔ ይህን ሳነብ ሻዬ ቀዘቀዘ።

አሲዱም ቢሆን ዝም ብሎ የሚደፋ ዝቃጭ አይደለም። የዕጢውን ዙሪያ ያኮመጥጠዋል፣ ሊወጉት የሚመጡትን የመከላከያ ሴሎች ያደክማል።

«አባቴ የአንጎል ዕጢ ሕክምና ላይ ናቸው። ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ ብለው አስቸገሩን። ‹ዕጢውም ይራባል› የሚል ጎረቤት አግኝተዋል።» (ከፒያሳ)

ጎረቤትየው ከየት እንዳመጣው ይገባኛል። ሰው ረዘም ላለ ጊዜ ሲራብ ጉበቱ ከስብ ኬቶን ይሠራል፤ ጤነኛው አንጎል በኬቶን ይኖራል። ዕጢው ግን ይቸገር ይሆናል ተብሎ ስብ የበዛበት፣ እህል ያነሰበት ምግብ በአይጦችና በጥቂት ታማሚዎች ላይ ተሞክሯል። ዕድሜ እንደሚያረዝም እስካሁን አልተረጋገጠም። ዕጢውም ሞኝ አይደለም፤ ስኳር ሲያንሰው ግሉታሚንና አሴቴት የሚባሉ ሌሎች ንጥረ ነገሮችን ይበላል። ደግሞ የኛ የጾም ማዕድ እንጀራና ሽሮ፣ ምስርና ድንች ነው። ከዚያ አመጋገብ ጋር ፊትና ጀርባ ነው።

አባትዎ የሚጥል በሽታ መከላከያ ክኒን የሚወስዱ ከሆነ ሰዓቱ መዛነፍ የለበትም። ለሐኪሙ ይንገሩት። ከዚያ የንስሐ አባታቸውን ቤት ይጥሩና ቡና አፍልተው ያነጋግሯቸው። ከእኔ ይልቅ እሳቸውን ይሰማሉ።

«እናቴ ስኳር በሽታ ኖሮባት አያውቅም። የዕጢው ሕክምና ከተጀመረ ወዲህ ስኳሯ 280 ገባ። ዕጢው ነው?» (ከአራዳ)

የምትወስደው ውስጥ ዴክሳሜታሶን የሚባል እንዳለ እይ። የአንጎሉን እብጠት ለመቀነስ ይሰጣል። ጉበት ስኳር እንዲለቅ ያደርጋል፣ ኢንሱሊንንም ያዳክማል። ቁጥሩን ዛሬውኑ ለሐኪሙ ንገር። ክኒኑን ግን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፤ በድንገት ማቆሙ ራሱ አደጋ አለው።

«የባለቤቴ ናሙና ውጭ ተልኮ ‹አይዲኤች ሚውቴሽን አለው› የሚል ወረቀት መጣ። አለቀስኩ። ልክ ነኝ?» (ስሜ ይቆየኝ)

እንባሽን ለሌላ ቀን አቆዪው። አይዲኤች ከስኳር የሚመጣውን ካርቦን ከሚቀባበሉት ኢንዛይሞች አንዱ ነው። ሚውቴሽን ማለት የዘረመል ለውጥ ነው፤ ኢንዛይሙ በዚያ ሲበላሽ የማይፈለግ ኬሚካል ያመርታል። የኬሚካሉ ስም ረጅም ስለሆነ ልተወው። ይህ ኬሚካል ሴሉ እንዳይበስል፣ ሁልጊዜ እንደ ጮርቃ እንዲኖር ያደርገዋል። ክፉ ነገር ነው። ግን ይህ ለውጥ ያላቸው ዕጢዎች ግሊዮብላስቶማ ከሚባለው ኃይለኛ የአንጎል ዕጢ ቀርፈፍ ያሉ ናቸው፤ ሰዎቹም በአብዛኛው ረዘም ላለ ጊዜ ይኖራሉ። ያንን የተበላሸ ኢንዛይም የሚያግድ ቮራሲደኒብ የሚባል ክኒንም አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 ተፈቅዷል። በሙከራው ዕጢው እንደገና እስኪያድግ ያለውን ጊዜ ከ11 ወር ወደ 27 ወር ገደማ አራዝሟል። ዋጋው የሚቀመስ አይደለም፣ እዚህ ፋርማሲ ገብተሽ የምትጠይቂውም አይደለም።

ደረጃው ስንት እንደሆነ አልጻፍሽልኝም። ክኒኑ የተፈቀደው ለደረጃ 2 ዕጢ ነው። ወረቀቱን አውጪና መጀመሪያ እሱን እዪው።