በማረጥ ዕድሜ የሚመጣ ጭንቀትና መድኃኒቱ፦ ጥያቄና መልስ

በአዲስ አበባ በመድኃኒት ቤት መስኮት 26 ዓመት የሠራሁ ፋርማሲስት ነኝ፤ እኔም የወር አበባዬ ከቆመ አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በማረጥ ጊዜና ከዚያ በኋላ ስለሚመጣ ጭንቀት የምትጠይቁት ካለ ጠይቁኝ ብዬ ስለ ነበር፣ የደረሱኝን ከዚህ በታች እመልሳለሁ። የማንኛችሁንም የሕክምና ካርድ ስላላየሁ ለማንም መጠን አላዝዝም፤ መድኃኒቶቹ ምን እንደሚሠሩ፣ ከምን ጋር እንደማይስማሙና ሐኪማችሁን ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ግን በግልጽ እነግራችኋለሁ።

ጥያቄ፦ 48 ዓመቴ ነው። የወር አበባዬ አንዱን ወር ይመጣል፣ ሌላውን ይቀራል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልቤ እየደለቀ፣ በላብ ተነክሬ እነቃለሁ፤ ከዚያ እስኪነጋ የልጆቼን ነገር ሳወጣና ሳወርድ አድራለሁ። ይህ ማረጥ ነው ወይስ የጭንቀት ሕመም?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ ለመለየት የትኛው እንደሚቀድም ማየት ያስፈልጋል። ማረጥ የሚባለው የወር አበባ ያለ ሌላ ምክንያት 12 ወር ሙሉ ሳይመጣ ሲቀር ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ስለሚል የሰውነትን ሙቀትም፣ እንቅልፍንም፣ ስሜትንም ያናውጣል። ወበቁና ላቡ ቀስቅሶዎት ሐሳቡ ከኋላ የሚከተል ከሆነና ቀን ደህና ከዋሉ፣ በመጀመሪያ መታከም ያለበት ወበቁና እንቅልፉ ነው። ጭንቀቱ ቀንም የማይለቅዎት፣ ለወራት የቆየና ከሥራም ከሰውም የሚያርቅዎት ከሆነ ግን ዕድሜው ያባባሰው የጭንቀት ሕመም ሊሆን ስለሚችል በራሱ ሕክምና ይፈልጋል። ለሁለት ሳምንት የነቁበትን ሰዓትና በመጀመሪያ የተሰማዎትን ነገር በደብተር ይጻፉ፤ ሐኪሙን ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ የሚረዳው እርሱ ነው።

መድኃኒት ከመጀመርዎ በፊት የታይሮይድ ሆርሞንና የደም ማነስ ምርመራ ይጠይቁ። እንቅርት በበዛበት አገራችን ልብን የሚያስደልቅ፣ የሚያልብና እንቅልፍ የሚነሳ የታይሮይድ ሕመም «ዕድሜ ነው» ተብሎ ሲታለፍ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የሦስት ወር የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌ የምትወስዱ ደግሞ መርፌው ራሱ የወር አበባን ስለሚያስቀር፣ ደም አለመምጣቱን ብቻ አይታችሁ አርጫለሁ አትበሉ።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ ከራሷ ዲያዜፓም ግማሽ ኪኒን ሰጠችኝ፤ ያን ሌሊት ድብን ያለ እንቅልፍ ወሰደኝ። አሁን ሁለት ወር ሆነኝ፤ ማታ ማታ አንድ ሙሉ ኪኒን እወስዳለሁ። ጉዳት አለው?

መልስ፦ አለው፤ ነገር ግን ዛሬ ማታ በድንገት እንዳያቆሙት። በየቀኑ ለሳምንታት የተወሰደ ዲያዜፓም በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ ጭንቀቱ ከቀድሞው ብሶ ይመለሳል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴም የሚጥል በሽታ የመሰለ መንዘፍዘፍ ያመጣል። ከግማሽ ወደ ሙሉ ኪኒን መሄድዎ ሰውነትዎ እየለመደው እንደ ሆነ ያሳያል። ሐኪም ዘንድ ሄደው እውነቱን ይናገሩ፤ መጠኑን በሳምንታት፣ ሲያስፈልግም በወራት፣ ጥቂት በጥቂት እየቀነሰ ያስተውዎታል። እስከዚያው ከአረቄ፣ ከጠጅ፣ እንደ ትራማዶል ካለ የሕመም ማስታገሻም ጋር ፈጽሞ አይውሰዱት፤ አንድ ላይ ሲሆኑ እስትንፋስን ያዳክማሉ።

አንዲት እናት በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሯቸውን ኪኒኖች መስኮቴ ላይ ፈትተው አሳዩኝ። አንዱ ነጭ፣ ሌላው ቢጫ ነበር፤ እርሳቸው አንዱን ለጭንቀት፣ ሌላውን ለእንቅልፍ ነው ብለው ይወስዳሉ። ሁለቱም ዲያዜፓም ነበሩ፤ የአንዱ መጠን 2፣ የሌላው 5 ሚሊ ግራም። ሌሊት ወደ ሽንት ቤት ሲሄዱ ወድቀው ስለ ነበር ግራ እጃቸው በጀሶ ታስሯል። ከማረጥ በኋላ አጥንት ይሳሳል፤ ዲያዜፓም ደግሞ ዕድሜ ሲገፋ ከሰውነት ለመውጣት ቀናት ስለሚፈጅበት የዛሬው በትናንቱ ላይ ይደራረባል። እንደ ዲያዜፓም ያሉ መድኃኒቶች ለአጭር ጊዜ፣ በሐኪም ክትትል ይጠቅማሉ፤ የየዕለት ጓደኛ ሲሆኑ ግን ጭንቀቱን ደብቀው ሌላ ችግር ይጨምራሉ።

ጥያቄ፦ ሰርትራሊን ታዞልኝ አምስት ቀኔ ነው። ጭንቀቴ ጨመረ፣ ያቅለሸልሸኛል። አልተስማማኝም ብዬ ላቁም?

መልስ፦ ብዙ ሴቶች መድኃኒቱን ጥለው የሚሄዱት በዚሁ ሳምንት ነው፤ ያሳዝነኛልም፣ አስቀድሞ የነገራቸው ሰው አልነበረምና። ሰርትራሊን፣ ኢሲታሎፕራምና ፍሉኦክሰቲን ሴሮቶኒን የተባለው ንጥረ ነገር በነርቮች መካከል እንዲቆይ ያደርጋሉ፤ አንጎል ይህን እስኪለምድ በመጀመሪያዎቹ አንድ ወይም ሁለት ሳምንታት መቅበጥበጥ፣ ማቅለሽለሽና የእንቅልፍ መዛባት ሊኖር ይችላል። እፎይታው የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ከምግብ ጋር መውሰድ ማቅለሽለሹን ይቀንሳል። ለጭንቀት ሲሆን በ25 ሚሊ ግራም ጀምሮ ቀስ ብሎ ከፍ ማድረግ የተለመደ ስለ ሆነ፣ በስንት እንደ ጀመሩ ሐኪምዎን ይጠይቁ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ወይም ለቀናት ጨርሶ እንቅልፍ ከጠፋ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ዕለት ወደ ሕክምና ይሂዱ።

ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ወበቁንም ይቀንሳሉ። በአሜሪካ ፓሮክሰቲን በ7.5 ሚሊ ግራም መጠን ለዚሁ ለማረጥ ወበቅ የተፈቀደው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቬንላፋክሲንም ለዚህ ይታዘዛል። የግንኙነት ፍላጎትን ሊቀንሱ እንደሚችሉም ልብ ይበሉ፤ ማረጡ ብቻ ነው ብለው ዝም እንዳይሉ፣ መድኃኒት በመቀየር ሊስተካከል ይችላል።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምኖረው፣ 52 ዓመቴ ነው። ሐኪሜ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ የኤስትሮጅን ፓች ልስጥሽ አለችኝ፤ ካንሰር ያመጣል ሲባል ስለ ሰማሁ ፈራሁ። ጭንቀቱንስ ያድናል?

መልስ፦ ፍርሃቱ በአብዛኛው የመጣው በ2002 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ከወጣ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ነው። በጥናቱ የተካተቱት ሴቶች አማካይ ዕድሜ 63 ነበር፤ አብዛኞቹ ካረጡ ቆይተዋል። ኋላ ላይ መረጃው እንደገና ሲታይ፣ ከ60 ዓመት በታች ለሆኑ ወይም ካረጡ 10 ዓመት ላልሞላቸው፣ ወበቅ ለሚያስቸግራቸውና ሌላ ከልካይ ሕመም ለሌለባቸው ሴቶች ጥቅሙ እንደሚያመዝን ታይቷል። የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋት ወይም የስትሮክ ታሪክ ካለብሽ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ማሕፀንሽ ያልወጣ ከሆነ ኤስትሮጅን ብቻውን የማሕፀን ግድግዳን ስለሚያወፍር ፕሮጄስትሮን የተባለው ሌላ ሆርሞን አብሮ መታዘዝ አለበት። ፓቹ ወበቁንና እንቅልፉን ሲያስተካክል ከእነርሱ የመጣው ጭንቀት አብሮ ይበርዳል፤ ለቆየ የጭንቀት ሕመም ግን ሆርሞን ብቻውን ሕክምናው አይደለም። ፓቹን ከሰርትራሊን ጋር አብሮ መውሰድ ይቻላል።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እናቴ 63 ዓመቷ ነው። ለደም ግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ትወስዳለች፣ አሁን ደግሞ ለጭንቀት ሲታሎፕራም ታዘዘላት። ያስፈራል?

መልስ፦ ልጄ፣ የሚያስፈራ ሳይሆን ክትትል የሚፈልግ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ፣ በተለይ በዚህ ዕድሜ፣ በደም ውስጥ ያለውን ጨው (ሶዲየም) ሊያወርዱ ይችላሉ። ከመጀመሯ በፊትና ከጀመረች ጥቂት ሳምንታት በኋላ ሶዲየሟ እንዲመረመር ጠይቂ፤ ከተደናገረች፣ ራሷን ካመማት ወይም ከተንገዳገደች ቶሎ ውሰጃት። ሲታሎፕራም የልብን ምት ሊያዛባ ስለሚችል ከ60 ዓመት በላይ በቀን ከ20 ሚሊ ግራም አይበልጥም። አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን የምትወስድ ከሆነ የጨጓራ መድማት ስጋት ይጨምራል። ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ የሳል ሽሮፑንም ጭምር፣ በአንድ ፌስታል ይዘሽ ለሐኪሙ አሳዪ።

ጥያቄ፦ የጡት ካንሰር ታክሜ ታሞክሲፈን እወስዳለሁ። ፍሉኦክሰቲን ይሆነኛል?

መልስ፦ ፍሉኦክሰቲንም ፓሮክሰቲንም ጉበት ታሞክሲፈንን ወደሚሠራው መልኩ እንዳይቀይረው ስለሚያግዱ አይመረጡም። ቬንላፋክሲን ይሻላል፤ የደም ግፊትዎ ግን አብሮ ይለካ።

ጥያቄ፦ ዓቢይ ጾም ሲገባ መድኃኒቴን ምን ላድርግ? ጸበል ስጠመቅስ?

መልስ፦ አብዛኞቹ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰዱ ስለ ሆኑ ከጾሙ ማብቂያ ሰዓት በኋላ ከምግብ ጋር ሊወስዷቸው ይችላሉ፤ ሰዓቱን መለወጥ እንጂ መዝለል አያስፈልግም። ጸበሉና መድኃኒቱ አይጣሉም። መድኃኒቱን አቁሙ የሚል ሰው ካለ ግን በመጀመሪያ የንስሓ አባትዎንና ሐኪምዎን ያማክሩ፤ ጾም ሲፈታ ሕመማቸው ብሶ ወደ መስኮቴ የመጡ ብዙዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምሠራው። ከአዲስ አበባ አልፕራዞላም ላስልክ አስቤ ነበር።

መልስ፦ አይሞክሩት። አልፕራዞላምና የእርሱ ዘመድ የሆነው ዲያዜፓም በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ቁጥጥር የሚደረግባቸው ናቸው፤ ይዞ ለመግባት እንኳ የሐኪም ማዘዣና ቅድሚያ የተገኘ የአገሪቱ ጤና ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። አላወቅኩም ማለት ከሕግ አያድንም። እዚያው ሐኪም ያማክሩ።

ጥያቄ፦ ኢሲታሎፕራም ከጀመርኩ ሰባት ወሬ ነው፤ ደህና ሆኛለሁ። መቼ ልተው?

መልስ፦ ለጭንቀት ሕመም የሚመከረው ከተሻለ በኋላም አንድ ዓመት ያህል መቀጠል ነው። ሲቆም ደግሞ በሐኪም እየተቀነሰ ነው፤ በድንገት ከተዉት ማዞር፣ ብስጭትና ራስ ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ ንዝረት ያለ ስሜት ይመጣል፤ በፓሮክሰቲንና በቬንላፋክሲን ይብሳል። ይህን ሕመሙ ተመለሰ ብላችሁ አትደናገጡ። ለዚህ እርምጃ የሐዘን ወይም የልጅ ሠርግ ያለበትን ወር አትምረጡ።

ጥያቄ፦ ቡናንስ ልተው?

መልስ፦ እኔም ሞክሬ አልቻልኩም። ካፌይን የልብ ድለቃንና የእንቅልፍ ማጣትን ያባብሳል፤ ወበቁንም የሚቀሰቅስባቸው አሉ። እኔ አቦሉን ጠዋት እጠጣለሁ፤ ቶናና በረካው ሲቀዳ ስኒዬን ገልብጬ ከጎረቤቶቼ ጋር ጨዋታዬን እቀጥላለሁ።