ሊኑክስ ጫንኩና ስክሪኔ ጨለመ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ፣ ሐዋሳ ነው ያለሁት፣ የሁለተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ነኝ። ወንድሜ ድሮ ጌም ይጫወትበት የነበረ ላፕቶፕ ሰጠኝ፣ ዊንዶውሱ በጣም ስለሚንቀራፈፍ ጓደኛዬ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነውን ሊኑክስ ሚንት በፍላሽ አምጥታልኝ አብረን ጫንን። መጀመሪያ በፍላሹ ሲነሳም ጨልሞ ነበር፣ እሷ ግን ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ የሚለውን ስትመርጥ ሰራና ጫንነው። ከዛ ሪስታርት ሳረገው የካምፓኒው ሎጎ ይመጣና ጥቁር ይሆናል፣ ግራ ጥግ ላይ አንዲት ሰረዝ ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች። ጥገና ቤት ስወስደው ስክሪኑ ተቃጥሏል መቀየር አለበት አሉኝ፣ ብሩ ደሞ የለኝም። ምን ላርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ ለስክሪን ምንም ብር እንዳትከፍዪ። መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል እኮ፣ ሎጎው ይመጣል ብለሻል፣ ሰረዟም ትታይሻለች፣ የተቃጠለ ስክሪን ሁለቱንም አያሳይሽም። ሲጨልም ካፕስ ሎክን ተጫኚው፣ መብራቷ በርታ ከጠፋች ማሽኑ ውስጥ ለውስጥ እየሰራ ነው ማለት ነው። (ሎጎውም ጭራሽ የማይታያችሁ አንባቢዎች ክፍሉን አጨልማችሁ የስልክ ባትሪ በጎን በኩል ስክሪኑ ላይ አብሩበት፣ ደብዘዝ ያለ ምስል ከታያችሁ የጠፋው የኋላ መብራቱ ነው፣ እሱ በእርግጥም የጥገና ሰው ስራ ነው።)

ጓደኛሽ ኮምፓቲቢሊቲ ሞድን ስትመርጥ መስራቱ ደሞ ትልቅ ፍንጭ ነው። የጌም ላፕቶፕ ስለሆነ ኤንቪዲያ የሚባለው ኩባንያ የሚሰራው የምስል ካርድ ሊኖረው ይችላል፣ ኪቦርዱ አጠገብ አረንጓዴ ስቲከር ካለ እሱ ነው። ሊኑክስ ሲነሳ ገና ከመጀመሪያው የስክሪኑን መጠን ራሱ ለማስተካከል ይሞክራል፣ ለዚህ ካርድ የሚጠቀመው ኑቮ የሚባለውን ድራይቨር (ካርዱን ከሊኑክሱ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ነው፣ ኑቮን ደሞ በጎ ፈቃደኞች ናቸው የካርዱን አሰራር ከውጭ እያጠኑ የጻፉት፣ ስለዚህ አንዳንድ ካርድ ላይ እዛች ቦታ ላይ ይቆማል። ኤንቪዲያ በፈረንጆቹ 2022 የራሱን ድራይቨር አንድ ክፍል ኮድ ለሁሉም ክፍት አርጓል ግን ለአዳዲሶቹ ካርዶች ነው፣ ለድሮዎቹ አይሆንም። ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ የሚያረገው "ስክሪኑን አትንካ፣ ባዮስ እንደሰጠህ ተጠቀምበት" ብሎ ማዘዝ ነው (ባዮስ ላፕቶፑ ሲበራ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሳው ፕሮግራም ነው)። አንቺም የተጫነው ላይ ይሄንኑ ትዕዛዝ በእጅሽ መስጠት ነው ያለብሽ።

ላፕቶፑን አጥፍተሽ አብሪው፣ ሎጎው እንደመጣ ኢስኬፕን አንዴ ወይ ሁለቴ ንኪ፣ ደጋግመሽ እንዳትወቂው ምክንያቱም የሊኑክሱን መነሻ ሜኑ ያልፍሽና ጥቁር መጻፊያ ላይ ይጥልሻል፣ እንደዛ ከሆነ አጥፍተሽ እንደገና ነው። አሮጌ ባዮስ ከሆነ ኢስኬፕ አይሰራም፣ ሺፍትን ይዘሽ ቆይ። ሜኑው ሲመጣ የመጀመሪያው መስመር ላይ እንዳለሽ "ኢ" (E) የሚለውን ፊደል ተጫኚ፣ ብዙ ጽሁፍ ይወጣል፣ አትደንግጪ፣ ሊኑክስ በሚለው ቃል የሚጀምረውን መስመር ፈልጊ። መጨረሻው አካባቢ ኳየት ስፕላሽ የሚሉ ሁለት ቃላት አሉ፣ ከነሱ በኋላ ስፔስ አርገሽ ኖሞድሴት ብለሽ ጻፊ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ሳይለያይ ኤን፣ ኦ፣ ኤም፣ ኦ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤስ፣ ኢ፣ ቲ። ከዛ ኤፍ 10። የጻፍሽው ለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሰራው፣ ስለዚህ ብትሳሳቺም ምንም አይበላሽም፣ አጥፍተሽ መድገም ነው።

ሲነሳ ሁሉ ነገር ትልቅና ድፍርስ ያለ ሊሆን ይችላል፣ ሴቲንግ ገብተሽ ለመቀየር ብትሞክሪ እሺ አይልም። እዛ ላይ ጊዜሽን አታጥፊ፣ ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ሊኑክስ አይረባም ብሎ የሚተወው ያሳዝነኛል፣ አንድ እርምጃ ነው የቀረው። ስልክሽን በኬብል ሰክተሽ የስልኩን ኢንተርኔት ለላፕቶፑ የሚሰጠውን ዩኤስቢ ቴተሪንግ አብሪ፣ ድራይቨር ማናጀር የሚለውን ክፈቺና ሪኮመንድድ የሚል የተጻፈበትን የኤንቪዲያ ድራይቨር መርጠሽ አፕላይ በይ። ብዙ መቶ ሜጋባይት ስለሚያወርድ ፓኬጅ ቀድመሽ ግዢ፣ መሃል ላይ እንዳይቋረጥብሽ። ሲጨርስ ሪስታርት። ከኩባንያው ሳይት አውርደሽ እንዳትጭኚ አደራ፣ ሊኑክሱ አፕዴት ባረገ ቁጥር ሊበላሽብሽና እንደገና ጨለማ ውስጥ ልትገቢ ትችያለሽ።

አንድ የሚያመልጥ ነገር አለ፣ ሲጫን ስለ ሴኪዩር ቡት (ያልታወቀ ፕሮግራም አብሮ እንዳይነሳ የሚከለክል የላፕቶፑ ጥበቃ) ፓስወርድ ካስሞላሽ ሪስታርት ላይ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፣ 10 ሰከንድ ብቻ ነው የሚጠብቅሽ፣ ቶሎ አንድ ቁልፍ ነክተሽ ኢንሮል ሞክ የሚለውን መርጠሽ ያንኑ ፓስወርድ ስጪው። ካመለጠሽ ድራይቨሩ ተጭኖም አይሰራም፣ ያኔ ባዮስ ገብተሽ ሴኪዩር ቡትን አጥፊው።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ የፊዚክስ መምህር ነኝ፣ ከደሴ። ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ የጫንኩበትን ላፕቶፕ በኤችዲኤምአይ ከቲቪ ጋር ሳገናኘው አራቱም ጠርዝ ይቆረጣል፣ ላይ ያለው ሰዓት እንኳ አይታይም። የሊኑክሱ ችግር ይሆን?

መልስ፦ ጋሼ፣ ሊኑክሱን አይንኩት፣ ቲቪው ነው። ድሮ በቱቦ ቲቪ ዘመን ምስሉን ትንሽ አተልቀው ጠርዙን ይደብቁት ነበር፣ ያ ልማድ ጠፍጣፋዎቹም ላይ ቀርቷል። ሪሞቱን ይያዙና የስክሪን ሳይዝ ወይም የፒክቸር ሴቲንግ ውስጥ ጀስት ስካን (Just Scan) ወይ ስክሪን ፊት (Screen Fit) የሚል ይፈልጉ፣ እንደ ቲቪው ስሙ ይለያያል። ካጡት የኤችዲኤምአዩን መግቢያ ስም ፒሲ ብለው ይቀይሩት፣ አንዳንዱ ቲቪ ይቺን ብቻ አይቶ መቁረጡን ይተዋል። ሰዓቱ ከታየዎት ጨርሰዋል።