ጂኦግራፊ ለምትማሩ ልጆች፦ ከሳይቤሪያ ጀምሩ

ልጆቼ፣ ጂኦሎጂና ጂኦግራፊ የምትማሩ ወጣቶች ምክር ስጠን ትሉኛላችሁ። እኔ የተማርኩት በሶቪየት ዘመን ሳይቤሪያ ነው፤ ምሳሌዬም ከዚያው ነው።

ስም ብቻ አትሸምድዱ። ኦብ፣ የኒሴይ፣ ሌና እያሉ የሳይቤሪያን ወንዞች ለፈተና መደርደር ለማንም አይከብድም። እናንተ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ጠይቁ። ሦስቱም የሚፈሱት ወደ ሰሜን፣ ወደ አርክቲክ ውቅያኖስ ነው። እስቲ አስቡት፤ ብርዱ ሲያበቃ በረዶው ቀድሞ የሚቀልጠው በደቡብ፣ ወንዙ ከሚነሳበት በኩል ነው፤ ታች ሰሜን ላይ ግን ወንዙ ገና እንደ ድንጋይ ጠጥሯል፤ ስለዚህ የሚመጣው ውሃ ከተሰባበረው በረዶ ጋር ተደምሮ መውጫ ያጣና ዳር ዳሩን ያጥለቀልቃል። ሌና ዳር ያለችው ሌንስክ ከተማ በ2001 እ.ኤ.አ. የተጥለቀለቀችው እንዲህ ነው። ይሄን ማንም ሳይነግራችሁ ከካርታ ላይ መገመት ትችላላችሁ!

ቀጥላችሁ ከእግራችሁ በታች ያለውን ጠይቁ። ከሩሲያ ግዛት ከግማሽ በላዩ ፐርማፍሮስት ነው፤ ላዩ ቢሞቅም ከሥሩ እንደ ቀዘቀዘ ዓመታት የሚከርም መሬት። ሳይቤሪያ ባለችው ያኩትስክ ከተማ ውስጥ ሕንፃዎች በኮንክሪት ምሰሶ ከመሬት ከፍ ተደርገው ይሠራሉ። የቤቱ ሙቀት መሬቱን ካቀለጠው ቤቱ ይሰምጣላ። አሁን ግን አየሩ ራሱ እየሞቀ ነው። በብርዷ የምትታወቀው ቬርሆያንስክ በሰኔ 2020 እ.ኤ.አ. 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሳለች። በቀዘቀዘው አፈር ውስጥ ለሺህ ዓመታት የተቀበረው የዕፅዋት ቅሪት ሲቀልጥ ይበሰብሳል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሚቴን ይለቃል፤ ጋዙ ደግሞ እዚያው አይቀርም፣ ወደ አየር ወጥቶ ሙቀቱን ይጨምራል። እኔን በጣም ያሳስበኛል፣ እናንተንም ሊያሳስባችሁ ይገባል።

የሳይቤሪያውን ሐይቅ ባይካልን በተለይ እኛ ኢትዮጵያውያን አደራ እንዳናልፈው። ጥልቀቱ 1,642 ሜትር ነው። በዓለም ላይ በረዶ ካልሆነውና በገጸ ምድር ካለው ጨዋማ ያልሆነ ውሃ አንድ አምስተኛ የሚሆነው እሱ ውስጥ አለ። የፈጠረው ምንድን ነው? መሬት መሰንጠቅ፣ ግራና ቀኝ መሳሳብ፤ ልክ ሻላንና አባያን እንደያዘው የኛ ስምጥ ሸለቆ። ግን እኛ ጋ ኤርታሌ ይንተከተካል፣ እዚያ ሐይቁ አጠገብ እንዲህ ያለ እሳተ ገሞራ የለም። ለምን? መመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ አጣሁ የምትሉኝ ልጆች፣ የሳተላይት ምስል ዛሬ በነፃ ይገኛል። ሁለቱን ስምጦች ጎን ለጎን ክፈቱና የስንጥቆቹን መስመር ተከተሉ።