«ካለቀ እንጨምራለን» ላላችሁኝ ልጆች

ባለፈው ሳምንት ሁለታችሁ ወርክሾፔ መጥታችሁ ነበር። ከካራ አለፍ ብሎ ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችው የቆርቆሮ ቤት ናት። ፍላሽ ይዛችኋል፤ ውስጡ አንድ ገጽ ኮሚክ አለ። በር ላይ የተንጠለጠለ የሚኒባስ ረዳት፣ ጭቃ ዳር ጀበናዋን የጣደች ሴት፣ ከኮንዶሚኒየም በረንዳ ቁልቁል የሚያይ ልጅ። ሥዕሉን ወደድኩት። የሴትየዋን እጅ በሦስት መስመር ብቻ ነው የጨረሳችሁት። ከዚያ አንዳችሁ «ጋሼ፣ 50 ብቻ ነው የሚታተመው ብለን እንሸጠዋለን። ካለቀ እንጨምራለን» አላችሁኝ። ወዲያው መብራት ሄደና ወሬው ተቋረጠ። መልሱ ግን ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ሥዕላችሁን አሳትማችሁ መሸጥ የጀመራችሁ ሌሎች ልጆችም ብታነቡት ብዬ እዚህ ጻፍኩት።

በሲልክ ስክሪን ሥራ፣ ማለትም ቀለምን በተወጠረ ቀጭን ጨርቅ አሳልፎ በማተም፣ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። መጀመሪያ መርካቶ ነበርኩ፤ ኪራዩ ሲከብድ ወደ ከተማው ጫፍ ወጣሁ። እንጀራዬ የድርጅት ቲሸርትና የሰርግ ጥሪ ነው። ልቤ ያለው ግን ሠዓሊ ይዞት የሚመጣው ሥራ ላይ ነው።

በሥዕሉ ግርጌ የሚጻፈው፣ ከስንት ቅጂ ስንተኛው እንደሆነ የሚናገረው ቁጥር ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። መዳብ ላይ በመርፌ ተጭሮ የሚታተም ሥዕል አለ። መርፌው ሲጭር ከጭረቱ ዳርና ዳር ቀጭን የመዳብ ጠርዝ ይነሳል። ያንን ለስላሳ ጥቁር መስመር የሚሰጠው ቀለሙን የሚይዘው ይህ ጠርዝ ነው። ማተሚያው በተጫነው ቁጥር ጠርዙ ይደቃል። ጥቂት አሥርት ቅጂዎች ከወጡ በኋላ ሥዕሉ ይገረጣል። ስለዚህ ገደቡን የሚያወጣው መዳቡ ነበር።

የእኛም አገር ሥራ የራሱ ገደብ ነበረው። በሥዕል ተራ በተራ ታሪክ መንገር ለእኛ ባዳ አይደለም። የንግሥተ ሳባና የሰሎሞን ታሪክ በ44 ክፍል ተስሎ ፒያሳ ሱቆች ውስጥ ሲሸጥ አይታችኋል። አንድ ሠዓሊ ያንኑ ታሪክ ብዙ ጊዜ ይስለዋል፤ ግን በእጁ ነው፤ ሁለቱ አንድ አይሆኑም። ቁጥር ማን ይጽፍበታል? እጁ ራሱ ገደብ ነው።

ፋይል ግን አይደቅም። ፍላሹ ላይ ያለው ሥዕል ሺህ ጊዜ ቢታተም ሺኛውም እንደ መጀመሪያው ነው። 50ውን 50 የሚያደርገው መዳብም እጅም አይደለም፤ የእናንተ ቃል ብቻ ነው። «ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይላሉ አባቶቻችን። ከባድ አባባል ነው። እኔ ክብደቱን ያወቅሁት በራሴ ጥፋት ነው።

ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ሠዓሊ 40 ቅጂ አሳተመ። በአንድ ወር አለቀ። የሚሸጥለት ሰው መጥቶ «25 ጨምሩልኝ» አለን። ሥዕሉ ገና ከስክሪኑ ላይ አልታጠበም ነበር። አተምን። የከፋው ደግሞ በአዲሶቹ ላይ የድሮዎቹን ቁጥሮች ደግመን መጻፋችን ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንድ መምህር ወርክሾፑ መጣ። 12/40 የተጻፈበትን ሥዕል ከደመወዙ ቆጥቦ ነበር የገዛው። ለቅሶ የሄደበት ቤት ግድግዳ ላይ ሌላ 12/40 አየ። አልጮኸም። ገንዘቤን መልሱም አላለም። ሥዕሉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ወጣ። እስከ ዛሬ ግድግዳዬ ላይ ነው፤ ባለፈው ስትመጡ ከበሩ በስተቀኝ አይታችሁት ይሆናል። ሠዓሊው ከዚያ በኋላ ቁጥር ያለው ሥራ ሲያወጣ ገዢ አላገኘም። ወሬ ከእኛ ቀድሞ ደርሶ ነበር።

አሁን ወደ ሥራው። 50 ደህና ቅጂ የሚፈልግ ሰው 60 ወረቀት ይቁረጥ። ሦስት ቀለም ካለው ሦስት ስክሪን ነው፤ ሦስት ጊዜ ይታተማል፤ አንዱ ቀለም ከሌላው ላይ በትንሹ ከሳተ ያ ወረቀት ወደቀ ማለት ነው። የወደቀውን ቅደዱት፤ ለጓደኛም አትስጡ። ወረቀቱ ከጥጥ የተሠራና አሲድ የሌለበት ቢሆን ጥሩ ነው። የጋዜጣ ወረቀት ፀሐይ ሲያየው ይቢጫል። ሲደርቅ በእርሳስ ጻፉ፤ በግራ ቁጥሩ፣ በመካከል ርእሱ፣ በቀኝ ፊርማችሁ። እስክሪብቶ ይደበዝዛል፤ እርሳስ ይቆያል። ለራሳችሁ ጥቂት ማስቀረት የተለመደ ነው፤ ከአሥር አንድ ያህል። «የሠዓሊው ቅጂ» ብላችሁ ለይታችሁ ጻፉባቸው፤ ስንት እንደሆኑም ለገዢ ተናገሩ። 1/50 ከ50/50 ይበልጣል ለሚላችሁ አትስሙ። ለማድረቅ ስንደረድር ወረቀቱ ይቀላቀላል፤ ማን ቀድሞ እንደታተመ እኔም አላውቅም።

ስክሪን ከተወደደባችሁ ሪዞግራፍ አለ፤ ትምህርት ቤቶች ፈተና የሚያባዙበት የጃፓን ማሽን። ውጭ አገር በራሳቸው አሳትመው የሚሸጡ የኮሚክ ሠዓሊዎች በጣም ይወዱታል። እሱም አንድ በአንድ ቀለም ነው የሚያትመው። ቀለሙ ግን ቶሎ ስለማይደርቅ እጅ ላይ ይቀራል፤ ለገዢው ንገሩት።

ቲሸርትና ስቲከር ሌላ ነገር ነው። እነሱ ላይ ቁጥር አታድርጉ። ሥዕሉን ወዶ ለ50ው ቅጂ ገንዘብ የማይደርሰው ተማሪ አለ፤ ስቲከሩ የእሱ ነው። እንደፈለጋችሁ አትሙ። ሮበርት ክራምብ የሚባለው አሜሪካዊ የኮሚክ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1968 «ዛፕ» የሚለውን ኮሚክ ሳን ፍራንሲስኮ መንገድ ላይ በሕፃን ጋሪ እያዞረ ነው መሸጥ የጀመረው። በዚያው መጽሔት ላይ ወደ ኋላ ተለጥጠው የሚራመዱ ሰዎችን ሳለ። ሥዕሉ በየቲሸርቱና በየስቲከሩ ወጣ፤ ብዙው ግን ያለ እሱ ፈቃድ ነበር። እናንተ ከመጀመሪያው ስማችሁንና ዓመተ ምሕረቱን ሥዕሉ ላይ ጻፉ። በአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት መብቱ የእናንተ የሚሆነው ሥራው ወጥ ሆኖ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ነው፤ በሕይወት እስካላችሁና ከዚያም 50 ዓመት ይቆያል። ሥዕል ሸጣችሁ ማለት የማባዛት መብቱን ሸጣችሁ ማለት አይደለም። ከቲሸርት ነጋዴ ጋር ስትስማሙ ስንት እንደሚያትም በወረቀት ይስፈር። ዘመድም ቢሆን።

አንድ የምቀናበት ሥራ አለ። አርት ስፒገልማንና ባለቤቱ ፍራንሷዝ ሙሊ ኒው ዮርክ ውስጥ «ሮው» የሚባል የኮሚክ መጽሔት ያወጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣውን የ7ኛውን ዕትም ሽፋን ጥግ ከእያንዳንዱ ቅጂ ላይ በእጅ ቀደዱት። በማሽን የታተመ መጽሔት ነው፤ ግን እያንዳንዱ ቅጂ የራሱ ቅዳድ አለው። ቁጥር አላስፈለገውም። እናንተም 50ው ላይ የጀበናዋን እንፋሎት በእጃችሁ ብትስሉት ብዬ አስቤያለሁ። አስቡበት።

ከ50 በላይ ፈላጊ ከመጣ ደስ ይበላችሁ፤ ሌላ ሥዕል ሳሉ። ያንኑ ማተም ካለባችሁ በሌላ ቀለም አድርጉትና «ሁለተኛ ሕትመት» ብላችሁ በግልጽ ጻፉበት። ይህን ልታደርጉ እንደምትችሉም የመጀመሪያውን ስትሸጡ ተናገሩ።

ቅዳሜ ጠዋት ኑ። ፀሐይ እስካለ ስክሪኑን በፀሐይ እናስመታዋለን፤ መብራት አንጠብቅም። ክረምቱ ከገባ ስክሪኑ ላይ የሚቀባው ኢማልሽን አልደርቅ ይላል፤ አትዘግዩ። 60 ወረቀት ተቆርጦ ይጠብቃችኋል። 50ው ገመድ ላይ ሲሰቀል ውኃውንና ብሩሹን ለእናንተ እሰጣለሁ፤ ስክሪኑን የምታጥቡት እናንተ ናችሁ።