አጎቴ ስለ ካራማራ ማውራት ጀመሩ

ጥያቄ፦ አጎቴ በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ከጅማ የዘመቱ ሚሊሺያ ናቸው። ስለ ጦርነቱ ትንፍሽ ብለው አያውቁም ነበር። ሰሞኑን ግን ቡና ላይ ድንገት ማውራት ጀመሩ። መሀል ላይ ዝም ይሉና እንባቸው ይመጣል። ልቅዳቸው ወይስ ልተዋቸው?
አንባቢሽ፣ ከጅማ ሂርማታ

መልስ፦ እሰይ! ለዚህ ወሬ አንቺን መምረጣቸው ትልቅ ነገር ነው። ሳታስፈቅጂያቸው ግን እንዳትቀጂያቸው።

የእኔም አባት የዚያው ዘመን ወታደር ነበሩ። “ስንት ሰው ገደሉ?” የሚላቸው ሰው ከመጣ ተነስተው ይወጣሉ። እኔ ስለ ኮቾሮ፣ ስለዚያ ደረቅ የወታደር ብስኩት፣ ስጠይቃቸው ግን በሰደፍ ሰባብረው ሻይ ውስጥ ሲነክሩት በእጃቸው አሳዩኝ። አብሯቸው የበላውን ጓደኛቸውን ስም የጠሩት ያኔ ነው። አንቺም ስለ ምግቡ፣ ስለ ጫማው፣ ስለ ብርዱ ጠይቂያቸው።

ጅጅጋ መስከረም 1970 ተይዛ የካቲት ላይ ነው የተመለሰችው። አጎትሽ ወሩን ቢያምታቱት አታርሚያቸው፤ ወሬው ይቋረጣል። የካቲት 26፣ የካራማራ ድል ቀን፣ ሲቃረብ ደግሞ ብቻቸውን አትተያቸው።

ሌሊት እየባነኑ እንቅልፍ ካጡ ግን ዝም አትበይ። እዚያው ጅማ፣ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። አብረሻቸው ሂጂ።